ሐብተማርያም በቦታው አለ ወይ

ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
የካቲት 5 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ባንታየሁ፣

ደብዳቤዎ እሑድ ደረሰኝ። ኩለሱም ከሞያሌው አውቶቡስ እንደወረደች፣ ያመጣችውን ጨርቅ ኢስሊ ሰፈር ካለው ሱቋ እንኳ ሳታደርስ፣ በማታቱ ታክሲ መጥታ ነው የሰጠችኝ። መልሱን ሦስት ቀን ያቆየሁት ደህና ዜና ይዤ ልጽፍልዎ ፈልጌ ነው። ደህናው ዜና ስላልመጣ ያለውን ልጻፍ።

አስቀድሜ የጠየቁኝን። አዎ፣ ትተውልኝ የሄዱት የማሽን ክፍል ማራገቢያ አሁንም ያንኳኳል። አዎ፣ ሰማያዊው ደብተርዎ እኔ ዘንድ ነው፤ ከመሳቢያዬ አይወጣም። ስልክ እንደሌለዎ ለአለቃችን ለአቶ ኢዮኤል ነግሬያቸዋለሁ። “ጋሽ ባንታየሁ ስልክ የላቸውም? ሲሪየስሊ?” አሉኝ። “ሠላሳ ዓመት ሲጮኽብኝ ኖሯል፣ ይበቃኛል ብለዋል” አልኳቸው። “እንግዲያው በርግብ ላኪላቸው” ብለው ሄዱ። እኔ ግን በደብዳቤው አልከፋኝም። እርስዎም ያኔ ሻይ ሳመጣልዎ ከቅርጫትዎ የምለቅማቸውን የተጣሉ ወረቀቶች እያዩ “ማንበቡ ጥሩ ነው፤ ግን ማሽን ከመንካትሽ በፊት ጻፊ” ይሉኝ ነበር። ስጽፈው ግማሹ ስህተት ራሱ ብቅ ይላል። የቀረውን ግማሽ ነው ለእርስዎ የምልከው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ጥር 12 የኪሊማኒው ቢሮ ከሁለተኛ ፎቅ ወደ አምስተኛ ወጣ። ሁለተኛው ፎቅ ላይ የሕክምና ዕቃዎቹ ማሳያ ብቻ ቀረ። ሽቦውን የዘረጋው እንደ ሁልጊዜው የኩለሱም ባል አብዱረህማን ነው። ሁለት ቀን ሠርቶ ጨረሰ፤ ሁሉም መብራት አረንጓዴ ሆነ፤ ተመራርቀን ተለያየን። በሳምንቱ የኮምፒውተሮቹ ስሞች መሳት ጀመሩ። አምስተኛ ፎቅ ያለ ሰው ወረቀት ሲያትም ሁለተኛ ፎቅ ካለው ፕሪንተር ይወጣል። አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር በስሙ ሲጠራ ሦስተኛው ይመልሳል። በጊጊሪ ላለው ክሊኒክ የሚሄደው የማቀዝቀዣ መላኪያ ወረቀት ማሳያው ክፍል ወጥቶ አንድ ደንበኛ መነጽሩን ጠቅልሎበት ሄደ። ዕቃው ሁለት ቀን ዘገየ።

እኔ ያየሁት ይህን ነው። የስም ሰርቨሩ የኮምፒውተር ስም ሲጠየቅ የአድራሻ ቁጥሩን መስጠቱን አላቆመም፤ የሚሰጠው ግን የድሮውን ፎቅ ቁጥር ነው። በእጄ አንድ በአንድ አስተካከልኳቸው። በሳምንቱ ኮምፒውተሮቹ አዲስ ቁጥር ሲታደላቸው ደግመው ሳቱ።

አቶ ኢዮኤል ፈርደዋል። “ሽቦው ሳይነካ ይሠራ ነበር፤ ሽቦው ተነካ፣ ተበላሸ። ኢት ኢዝ ዛት ሲምፕል” ይላሉ። የአብዱረህማን ውል በየዓመቱ መጋቢት 15 ይታደሳል። ዘንድሮ አላድስም ብለዋል። ያውቁታል ጋሼ፣ ሥራው ሁሉ ከኢትዮጵያውያን ነጋዴዎችና ምግብ ቤቶች ነው። አቶ ኢዮኤል አንድ ቅዳሜ ምሳ ላይ “እሱን ተዉት” ካሉ በሳምንቱ ኪሊማኒ በሙሉ ይሰማል። እኔና እሱ ሽቦውን አንድ በአንድ ፈትሸነዋል። እንከን የለውም።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ኮምፒውተር ቦታ ሲቀይር አዲሱን ቁጥሩን በስሙ ላይ የሚጽፍለት ማን ነው? ደብተርዎ ስለ ስም ሰርቨሩ ሰባት ገጽ አለው። ይህ ግን የለበትም። ከመንካቴ በፊት የጻፍኩትን ሁለት ገጽ አብሬ ልኬያለሁ።

አያልነሽ


ሞያሌ
የካቲት 8 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያልነሽ፣

ሁለቱን ገጽ ሁለቴ አነበብኳቸው። ሰላምታዬን ከመጨረሻው አስቀምጬዋለሁ፤ ቸኩያለሁ፣ ኩለሱም ደጅ ቆማ “አውቶቡሱ እርስዎን አይጠብቅም” እያለችኝ ነው።

ሽቦ አይደለም። ሽቦ ሲበላሽ ዝም ይላል እንጂ አይዋሽም። ያንቺ ችግር ውሸት ነው። ኢዮኤልን ከአባቱ ጠረጴዛ ሥር ተኝቶ አውራ ጣቱን ሲጠባ ጀምሮ ነው የማውቀው፤ ሲምፕል ያለውን ነገር ሁሉ ተጠራጠሪ።

አንድ ነገር እዪልኝ። ኮምፒውተሩ ላይ ያለውን የሠራተኞቹን መዝገብ ክፈቺ፤ ሐብተማርያም በቦታው አለ ወይ? አንቺ አታውቂውም፤ ከመምጣትሽ በፊት በነበረው ዓመት ነው ያረፈው። ለምን እንደጠየቅሁሽ አሁን አልጽፍም። አስቀድሜ መልስሽን ልስማ።

ማራገቢያውን አትንኪው። እያንኳኳ እኔንም ይቀብረኛል።

ይኸው ሰላምታዬ፤ ደህና ነኝ፣ ደህና ሁኚ።

ባንታየሁ


ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
የካቲት 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ባንታየሁ፣

ስለዘገየሁ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ባለፈው ሳምንት ኩለሱም ስትሄድ አይቻታለሁ፤ ደብዳቤው ግን አላለቀልኝም ነበር። ዓቢይ ጾም ትናንት ገባ። የእነኩለሱምም ረመዳን በሳምንቱ መጨረሻ ይገባል፤ ቢሮው ውስጥ ምሳ የሚበላ የሚቀረው አቶ ኢዮኤል ብቻ ነው።

ሐብተማርያም በቦታው የለም።

ይህን ካወቅሁ በኋላ ለኮምፒውተሮች ቁጥር የሚያድለውን ሰርቨር ከፍቼ አየሁት። ቁጥር ሲያድል ስሙን የሚጽፈው በሐብተማርያም አካውንት ሆኖ ነው። ደነገጥኩ ጋሼ። የሞተ ሰው እኮ ነው። ከዚያ ያሰብኩትን ጻፍኩና እንዲህ አደረግሁ፦ መዝገቡ ውስጥ በዚያው ስም አዲስ አካውንት ከፈትኩ፤ ፓስወርድ ሰጠሁት፤ ሥራውን አስረከብኩት። በጥር የገቡትን ሦስት ላፕቶፖች ስም ወዲያው ጻፈ። አርባዎቹ ነባሮች ግን እንቢ አሉት። ስሙ ያው ነው፤ ሥራው ያው ነው፤ እነሱ ግን “አንተን አናውቅህም” ያሉት ይመስላል። ለምን እንደሆነ አልገባኝም።

አብዱረህማን ወደ ላይ እንዳይወጣ ተነግሮታል። ትናንት መሣሪያውን ሊወስድ መጥቶ እንግዳ መቀበያው ጋ ተቀምጦ አገኘሁት። አሥራ አንድ ዓመት የራሱ ቤት ያህል የወጣበት ደረጃ ነው። “አያል፣ እንግዳ አደረጋችሁኝ፣ ሻይ እንኳ አይመጣም?” አለኝና ሳቀ። እኔ አልሳቅሁም። ኩለሱም ስለ ነገሩ አንዲት ቃል አላነሳችብኝም። ደብዳቤውን ተቀብላ ቦርሳዋ ውስጥ ከፓስፖርቷ ጋር ነው የምታስቀምጠው።

አንድ ያልጻፍኩልዎ ነገር አለ። አልረሳሁትም። ለመጻፍ ጊዜ ይስጡኝ።

አያልነሽ


ሞያሌ
የካቲት 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያልነሽ፣

ጊዜ ሰጥቼሻለሁ። ግን ብዙ የለሽም፤ ለምን እንደሆነ ከታች ታገኚዋለሽ።

ሐብተማርያም የመጀመሪያው የመጋዘን ሠራተኛችን ነበር። ኮምፒውተር አያውቅም፤ መሰላል ግን ያውቃል። የመጀመሪያውን ሽቦ በጣሪያው ሥር ያሳለፍነው እሱ፣ እኔና አብዱረህማን ነን። በ2009 በመጋቢት አረፈ። እድራችን ስሙን ከመዝገብ ሲሰርዝ እኔ ጸሐፊ ነበርኩ፤ በገዛ እጄ ነው የሰረዝኩት። ከዚያ ቢሮ ተመልሼ የሠራተኞቹን መዝገብ ከፈትኩና እጄ እንቢ አለኝ። በአንድ ቀን ሁለቴ አልቀብረውም አልኩ። በዚያው ሰሞን ስሞቹን የሚጽፍ አንድ አካውንት ያስፈልገኝ ነበር። “በል ሐብቴ፣ ሥራ ፈትተህ አትቀመጥ” ብዬ ሰጠሁት። ደብተሩ ላይ ያልጻፍኩት አፍሬ ነው። ለሰው ሁሉ ጻፉ የምል ሰው የራሴን ደበቅሁ።

አሁን እንቢ ያሉሽ ለምን እንደሆነ። መዝገቡ ሰውን የሚያውቀው በስሙ አይደለም። መጀመሪያ ሲገባ በሚሰጠው መለያ ቁጥር ነው፤ ያ ቁጥር ለሌላ አይደገምም። አርባዎቹን ስሞች የጻፋቸው የድሮው ሐብተማርያም ነው፤ ባለቤታቸው እሱ ነው። ስሙን የወረሰ ሁሉ ቤቱን አይወርስም።

የተሰረዘ ሰው ግን ወዲያው አይጠፋም። መዝገቡ የሰረዛቸውን ለብቻ ያቆያል፤ የሚያቆየውም መቶ ሰማንያ ቀን ነው። በእኛ ወር ስድስት ወር ልክ፣ አንድ ቀን ሳይበዛ ሳያንስ። በዚያ ውስጥ ከተመለሰ ከነቁጥሩ ነው የሚመለሰው። እንዴት እንደሚመለስ በሌላው ወረቀት ላይ ጽፌልሻለሁ። አርባውን ስም ጠርጎ እንደ አዲስ ማስጻፍም ይቻላል፤ እኔ ግን አልመክርሽም። ከተሰረዘው ሰው ጎን የተሰረዘበት ቀንና የሰረዘው ሰው ስም ተጽፎ ይገኛል። ቀኑ ከጥር 12 በፊት ከሆነ አብዱረህማን ነጻ ነው። መቶ ሰማንያው ቀን ሲያልፍ ያ ገጽም አብሮ ይጠፋል። ከመመለስሽ በፊት አትሚው።

የተሰረዘበትን ቀን ታውቂያለሽ? ቀኑን ነው የጠየቅሁሽ፤ ማን እንደሰረዘው አልጠየቅሁሽም።

ለኢዮኤል “ባንታየሁ ነው ያበላሸው” በዪው። የሞተ ሰው ሥራ ላይ አስቀምጬ ሳልናገር የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ውሸት አይሆንብሽም። ሞያሌ ድረስ መጥቶ አይቆጣኝ፣ ስልክ የለኝ።

ባንታየሁ


ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
መጋቢት 2 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ባንታየሁ፣

ቀኑ መስከረም 10 ነው። ለማወቅ ገጹን ማየት አላስፈለገኝም። የሰረዝኩት እኔ ነኝ።

እርስዎ በሰኔ ከሄዱ በኋላ የጊጊሪው ደንበኛ “ከድርጅታችሁ የለቀቁ ሰዎች አሁንም መግቢያ አላቸው ወይ” ብሎ ጠየቀ። ዝርዝር ይዤ አንድ በአንድ ጀመርኩ። ብቻዬን የሠራሁት የመጀመሪያው ትልቅ ሥራ ነበር። ሐብተማርያም ላይ ስደርስ ሠራተኛ የምትቀጥረውን ሠናይትን “ይህ ማነው?” አልኳት። “ያረፈ ነው፣ ነፍሱን ይማረው” አለችኝ። እኔም ነፍሱን ይማረው ብዬ ሰረዝኩት። የዚያን ቀን ብቻ ሳልጽፍ ነካሁ። መሰረዝ መንካት አልመሰለኝም።

ከዚያ አራት ወር ምንም አልታየም፤ ኮምፒውተሮቹ ከቦታቸው ስላልተነሱ የድሮው ቁጥራቸው ይሠራ ነበር። አብዱረህማን ሲያንቀሳቅሳቸው ነው የኔ ጥፋት የወጣው። ይህን ያወቅሁት “ሐብተማርያም በቦታው አለ ወይ” የሚለውን ሳነብ፣ እዚያው በቆምኩበት ነው። ከዚያ ወዲህ ሁለት ጊዜ ጻፍኩልዎ፤ ሁለቱንም ጊዜ ዘለልኩት።

ምክንያቴን ልንገርዎ፤ እንዲቀበሉኝ አይደለም። ሰርተፊኬት የለኝም። ዕድሜዬ ሃምሳ ሊሞላ ነው። ከቅርጫት ወረቀት የተማረችን ሴት በዚያ ክፍል ውስጥ ያስቀመጣት እስካሁን አለመሳሳቷ ብቻ ነው። አንዴ ከሳትኩ የምይዘው የለኝም ብዬ ፈራሁ።

ትናንት ገጹን አትሜ ሐብተማርያምን መለስኩት። ዘጠኝ ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። የከፈትኩትን አዲሱን አካውንት አስቀድሜ አንስቼ ሥራውን ለድሮው አስረከብኩ። ከሰዓት ላይ የመጀመሪያው ፕሪንተር በስሙ ተጠርቶ አቤት አለ። ዛሬ ጠዋት አርባውንም ተስተካክለው አገኘኋቸው። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር።

አቶ ኢዮኤል መጥተው አዩ። “ሠራ?” አሉኝ። “ሠራ” አልኳቸው። “ማን ነካው?” ሲሉኝ አፌን እስክከፍት አልጠበቁም። “አይ ገባኝ። አብዱ መሣሪያ ልወስድ ብሎ የመጣ ቀን ተደብቆ አስተካክሎት ነው። አየሽ? የሱ ጥፋት ባይሆን ለምን ይደብቃል?” አሉኝ። ዝም ብዬ ማስተካከሌ ሰውየውን ጨርሶ ቀበረው ጋሼ።

የሰጡኝን መውጫ አሰብኩበት። ውሸት አይሆንም ብለዋል፤ ግማሹ እውነት ነው። ግን ገጹ ላይ የእርስዎ ስም የለም። አብዱረህማንን ነጻ የሚያወጣው ወረቀት የኔን ስም ይዟል፤ ስሜን ቀድጄ ቀኑን ብቻ ላሳያቸው አልችልም። ነገ ጠዋት ይዤው እገባለሁ።

ይህን ፖስታ አላሸግሁትም። ለኩለሱም ስሰጣት “መንገድ ላይ አንብቢው” ብዬ እነግራታለሁ። ስድስት ጊዜ ያህል ደብዳቤያችንን ተሸክማልናለች፤ የተሸከመችውን ማወቅ ይገባታል።

አያልነሽ


ሞያሌ
መጋቢት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

አያልነሽ፣

ፖስታው ታሽጎ ነው የደረሰኝ። “ክፍት ነው ትላለች፣ ማን አሸገው?” አልኳት ኩለሱምን። “እኔ። ማርሳቢት ላይ አነበብኩት፣ እዚያው ማስቲሽ ገዝቼ አሸግሁት” አለችኝ። “ለባልሽ ደወልሽለት?” አልኳት። “አልደወልኩም። ከሷ አፍ ይስማው ብዬ ነው። ካልነገረችው ስመለስ እነግረዋለሁ” አለች። ከዚያ ዶሮዎቼን አይታ “እነዚህም እንደ ባለቤታቸው ከስተዋል” ብላ ሄደች።

እስካሁን ገብተሽ ወጥተሻል። ምን እንዳለሽ አላውቅም። ስለዚህ ስለሱ አልጽፍም።

ስለ ሐብተማርያም ግን የምጽፈው አለኝ። ከሞተ በኋላ ስምንት ዓመት ሠራ፤ ዕረፍት እንኳ አልሰጠሁትም። አርባዎቹን ስሞች በሥራው ስም ለሚከፈት ሌላ አካውንት አስተላልፊና እሱን አሰናብቺው። እኔ እጄ እንቢ ያለኝን አንቺ ነፍሱን ይማረው ብለሽ አንዴ ሠርተሽዋል፤ ያኔ የጎደለው መጻፉ ብቻ ነው።

ባንታየሁ


ናይሮቢ፣ ፓርክላንድስ
መጋቢት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ጋሼ ባንታየሁ፣

አስቀድሜ ያልጠየቁኝን ልመልስ። አሁንም የምሠራው እዚያው ከማራገቢያው አጠገብ ነው።

አቶ ኢዮኤል ወረቀቱን ረጅም ጊዜ አዩት። ቀኑን በፈረንጅ አቆጣጠር ለራሳቸው ቆጠሩ። “ከጥር በፊት ነው” አሉ። “አዎ” አልኳቸው። “ይኼ ያንቺ ስም ነው።” “አዎ።” “ስድስት ሳምንት ሙሉ እየሰማሽኝ ዝም አልሽ?” ይህን ሲሉ ድምፃቸውን አልጨመሩም፤ እሱ ነው የከበደኝ። “ሦስቱን ሳላውቅ፣ ሦስቱን እያወቅሁ” አልኳቸው። ማስጠንቀቂያ ተጽፎልኛል። ሰማያዊው ደብተር ውስጥ አያይዤዋለሁ፤ ከእኔ በኋላ የሚመጣ ያንብበው።

አብዱረህማንን ወዲያው ከታች አስጠሩት። አስቀድሜ እኔ ነገርኩት፤ ቀጥሎ እሳቸው “ፖሌ ሳና አብዱ፣ በጣም ይቅርታ” አሉት። ውሉ ታድሷል። እሱ እኔን አይቶ “አያል፣ ያን ዕለት ሻይ ያልመጣው ለዚህ ነው?” አለኝ። ወዲያው ግን አልቀለለውም፤ ሁለት ቀን ሰላምታው አጭር ነበር። ይገባኛል።

አንድ ደንብ ወጥቷል። ከእንግዲህ ከመዝገቡ ማንም ሲሰረዝ ሁለተኛ ሰው ይፈርማል። “ማን ይሁን?” አልኳቸው አቶ ኢዮኤልን። “አብዱ። ካንቺ በላይ የሚጠነቀቅ አሁን እሱ ነው። ሳዋ? እሺ?” አሉ።

ትናንት መጋቢት 10 ነበር። አርባውን ስም አስተላልፌ ጨረስኩና ደብተሩን ከፍቼ ጻፍኩ፤ አብዱረህማንን ጠራሁት። ጾመኛ ነው፣ ደረጃውን ወጥቶ ትንሽ ቆመ። ስሙን አነበበ። “ሐብቴ መሰላል ሲወጣ ከሥር የምይዝለት እኔ ነበርኩ። ‘አብዱ እንዳትለቀኝ’ ይል ነበር፤ ሁለት ሜትር ከፍታ ላይ ሆኖ” አለ። ከዚያ ፈረመና “በይ፣ አሁን ልቀቂው” አለኝ።

የጻፍኩትን እንዳለ ገልብጬልዎታለሁ።

‘መጋቢት 10 ቀን 2017። ሐብተማርያም፣ የመጋዘን ሠራተኛ። በ2009 ዓ.ም. ያረፈ። ከዚያ በኋላ እስከ ዛሬ የኮምፒውተሮቹን ስም ሲጽፍ የነበረው እሱ ነው። ሥራውን ለሌላ አስረክቧል። የሰረዘች አያልነሽ። ያየ አብዱረህማን።’

አያልነሽ